መልክ፣ አምሳል ወይስ አርአያ?

ከደሴ የመጣ ጥያቄ ነው። ጥቂት አሳጥሬዋለሁ።

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የህትመት ቤት አለችኝ። ባነር፣ ቲሸርት፣ የሠርግ ካርድ እንሠራለን። መንገድ ላይ የሚውሉ የአእምሮ ሕሙማንን የሚያጥቡና የሚያበሉ ልጆች መጥተው ‹ሰው ሁሉ በእግዚአብሔር መልክ ተፈጥሯል› የሚል ባነር አዘዙኝ። ቀብድም ከፈሉ። እየሠራሁት ሳለ አንድ አባት ፎቶ ኮፒ ሊያስነሱ ገብተው ኮምፒውተሩ ላይ አዩት። ‹ልጄ፣ መልክ አይባልም። እግዚአብሔር መልክ አለው እንዴ? አርአያ በዪ፣ ወይ አምሳል በዪ› አሉኝ። ቤት ገብቼ መጽሐፍ ቅዱሱን ገለጥኩት። ‹በመልካችን እንደ ምሳሌአችን› ይላል። ይሄኛው ደግሞ ባሰ። ምሳሌ ‹ለምሳሌ› የምንለው አይደለም? አብራኝ የምትሠራው ጓደኛዬ ሙስሊም ናት፤ እሷም ‹እኛ ጋ እንዲህ ብሎ መጻፍ ይከብዳል› አለችኝ። ግራ ገባኝ። የትኛውን ልጻፍ? ልጆቹ ለቅዳሜ ነው የሚፈልጉት።»

እህቴ፣ ቅዳሜ ቅርብ ነውና መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ። አምሳል በዪ። «መልክ» ስህተት ሆኖ አይደለም፤ እሱም ትክክል ነው፤ የተጻፈውም እንደዚያ ነው። ግን ባነር ቆሞ የሚነበብ ነገር አይደለም። ሰው ታክሲ እየሮጠ፣ ጭቃ እየዘለለ ነው የሚያየው። በሁለት ሰከንድ ውስጥ «መልክ» የሚለው ቃል ጆሮው ላይ የሚጥለው ነገርና መጽሐፉ ሊል የፈለገው ነገር ዛሬ ተራርቀዋል። አሁን ነገሩን ላብራራ፣ ጥያቄሽ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ከመልክ እንጀምር። አማርኛ ውስጥ እንደ መልክ ብዙ ሥራ ያለበት ቃል ጥቂት ነው። መልኳ ያምራል እንላለን፤ ይሄ ፊት ነው። አያቴ ጨርቅ ስትገዛ «መልኩ ምንድን ነው?» ብላ ትጠይቅ ነበር፤ ቀለሙን ማለቷ ነው። የተዝረከረከ ሥራን መልክ እናስይዘዋለን። «በምን መልኩ ላግዝህ?» ስንል ደግሞ በምን መንገድ ማለታችን ነው። ነገር ሲበላሽ መልኩን ይቀይራል። ተራራውና ሸለቆው መልክዐ ምድር ነው፤ እዚህ ላይ የግዕዙ «መልክዕ» መጨረሻ ላይ የነበረችው ዐ ብቅ ትላለች። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ መልክዐ ማርያም፣ መልክዐ ኢየሱስ የሚባል የምስጋና ድርሰት አለ። ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር፣ አንዱን የአካል ክፍል ከሌላው እያስከተለ «ሰላም» እያለ የሚወርድ ነው። እንግዲህ መልክ ማለት ፊት ብቻ ሳይሆን ሁለንተና ማለትም ነበር።

አንድ የምወደው ነገር ልጨምር። «መልካም» የሚለው ቃል ከመልክ ነው የመጣው። ሀብት ያለው ሀብታም፣ ጉልበት ያለው ጉልበታም፣ መልክ ያለው መልካም። መጀመሪያ ቆንጆ ማለት ነበር፤ «መልከ መልካም» ውስጥ እስከ ዛሬ ይታያል። ቆይቶ ጥሩ ለሚባል ነገር ሁሉ ዋለ። ስለዚህ የዘፍጥረትን አንደኛ ምዕራፍ በአማርኛ ስታነቢ እግዚአብሔር የሠራውን ሁሉ «መልካም» እንደ ሆነ ያያል፤ ወረድ ሲል ሰውን በመልኩ ይፈጥራል። ሁለቱ ቃላት ዕብራይስጡ ላይ ዘመዳሞች አይደሉም። ዝምድናው የኛው አማርኛ ስጦታ ነው። እኔ ግን ባነበብኩት ቁጥር ልቤን ይነካኛል።

እንግዲህ እኚያ አባት «መልክ አይባልም» ያሉት ለምንድን ነው? የፈሩት ልክ ነው። ዛሬ መልክ ስንል ዐይንና አፍንጫ ነው የሚታየን። ሕፃን ልጅ «እግዚአብሔር እንደ እኛ አፍንጫ አለው?» ብሎ ይጠይቃል። የታጠበ ልብስ የለበሰ፣ ፊቱ የሚያምር ሰው መልኩን የያዘ ይመስላል፤ እኒያ ልጆች የሚያጥቡት፣ ጠጉሩ የተንጨበረረ፣ እግሩ የቆሰለ ሰውዬ ደግሞ መልኩን ያጣ ይመስላል። ባነሩ የተሠራው ግን በተለይ ስለዚያ ሰውዬ ነው። ስለዚህ ነው ቃሉን ቀይሪው ያልኩሽ።

«አይባልም» ያሉት ግን አያስኬድም። በ1954 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የወጣው መጽሐፍ ቅዱስ «ሰውን በመልካችን እንደ ምሳሌአችን እንፍጠር» ይላል። እኚያ አባት በልጅነታቸው ከየኔታ እግር ሥር የሰሙት ግዕዙን ይመስለኛል፤ «ንግበር ሰብአ በአርአያነ ወበአምሳሊነ»። ሁለቱን አስተያያቸው። ግዕዙ ላይ ሁለት «በ» አለ፤ መካከላቸው ደግሞ «ወ»፣ ማለትም «እና» አለች። አማርኛው ላይ አንድ «በ» አለ፣ ሁለተኛው «እንደ» ነው፤ «እና» የለም። ተርጓሚዎቹ ተሳስተው አይደለም። ግዕዙ በአክሱም ዘመን የተተረጎመው ከግሪኩ የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም ነው፤ ግሪኩ «እና» አለበት። የ1954ቱ ዕብራይስጡን ተከትሏል፤ ዕብራይስጡ ደግሞ የመጀመሪያውን ቃል «በ» በምትመስል፣ ሁለተኛውን «እንደ» በምትመስል መነሻ ነው የሚያስገባው፤ «እና» የለውም። ያቺ «እና» ትንሽ ትመስላለች። ግን ብዙ አከራክራለች። «እና» ካለ ሁለት ነገር ነው፤ አርአያ ሌላ፣ አምሳል ሌላ። ከጥንት መምህራን ኢሬኔዎስ አንዱን ሲፈጠር የተሰጠን፣ ሌላውን ሕይወታችንን ሙሉ የምናድግበት አድርጎ አስተምሯል። «እና» ከሌለ ግን አንዱን ሐሳብ በሁለት ቃል አጥብቆ መናገር ነው፤ እኛ «ቤት ንብረት» «ሥራ ፈት ቦዘኔ» እንደምንለው ዓይነት።

ለኔ ሁለተኛው ይበልጥ ያሳምነኛል። ምክንያቴ እዚያው መጽሐፍ ውስጥ አለ። ምዕራፍ 5 ላይ አዳም ሴት የተባለውን ወንድ ልጁን ሲወልድ «በምሳሌው እንደ መልኩ» ወለደ ይላል። አየሽ? ቃላቱ ቦታ ተለዋወጡ። መልክ ሌላ ምሳሌ ሌላ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ማገላበጥ ባልተቻለ ነበር። ደግሞ ከዚህች ቁጥር ላይ ሌላም ይገኛል። ልጅ አባቱን መምሰሉ ነው የተባለው። ኮምቦልቻም ደሴም ሕፃን ሲወለድ አራስ ጠያቂ ሁሉ «ቁርጥ አባቱን!» ሳይል አይወጣም። ሕፃኑ ገና ሁለት ቀኑ ነው፤ ፊቱ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ነው፤ እንኳን አባቱን ማንንም አይመስልም። ግን «ቁርጥ አባቱን» ሲባል የእገሌ ነው፣ የዚህ ቤት ነው፣ ባለቤት አለው ማለት ነው። የዘፍጥረቱም ቃል ቢያንስ ይህንን ይላል።

አሁን ወደ አርአያ። ይሄ ቃል «ርእየ» ከሚለው ግዕዝ ነው፤ አየ ማለት ነው። ራእይም ከዚሁ ቤት ናት። አርአያ የሚታይ፣ የሚያሳይ ነገር ነው። «በአርአያ ሥላሴ የተፈጠረ ሰው» የሚለውን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል፤ እናቶቻችን ሰው ሲሰደብ፣ ሰው ሲደበደብ የሚያወጡት ቃል ነው። «ኧረ አርአያ ሥላሴ ነው!» ይላሉ፤ ያንን ሲሉ የተነሳ እጅ ሲመለስ አይቻለሁ። ስለዚህ ቃሉን አከብረዋለሁ። ነገር ግን ዛሬ ወጣቱ ጋ አርአያ ሌላ ትርጉም ይዟል። «ለታናናሾችህ አርአያ ሁን» ነው የሚለው። ባነርሽ ላይ «በእግዚአብሔር አርአያ» ብትዪ አንዳንዱ «የእግዚአብሔርን ምሳሌነት ተከትሎ» ብሎ ይረዳዋል። ደግሞም «አርአያ ሥላሴ» የኦርቶዶክስ አባባል ነው። ያዘዙሽ ልጆች ከየቤተ እምነቱ የተሰባሰቡ ከሆኑ ሁሉም የኔ ብሎ ላይዘው ይችላል። ብትጽፊው ግን ፊደሉን ጠብቂ። «አርያ» ተብሎ የተለጠፈ አይቻለሁ። አርያ ሌላ ነገር ነው፤ አርያምም ሌላ ነው፤ ሰማይ ነው።

ዋናው ቤት መሰለ ነው። ይሄ ግሥ የወለዳቸው ልጆች ብዙ ናቸው፤ ጠባያቸውም አይገናኝም። ምስል ዛሬ ፎቶ ነው፤ ተንቀሳቃሽ ምስል ቪዲዮ ነው፤ ኦሪት ላይ የተቀረጸ ምስል ጣዖት ነው። ስለዚህ «በእግዚአብሔር ምስል» ብለሽ እንዳትጽፊ፣ ፎቶ ነው የሚመስለው። ምሳሌ ግራ ያጋባሽ ትክክል ነው። ድሮ ምሳሌ ማለት መሰል ነገር፣ የሌላው ተመሳሳይ ማለት ነበር። የ1954ቱ ትርጉም ክርስቶስን «የማይታይ አምላክ ምሳሌ» የሚለውም በዚሁ በድሮው ትርጉም ነው። ዛሬ ግን ምሳሌ ስንል «ለምሳሌ»ን ነው፣ ወይም ተረትና ምሳሌን ነው የምናስበው። ቃሉ አልተሳሳተም፤ እኛ ከሥሩ ሄደናል። በኋላ የወጣው አዲሱ መደበኛ ትርጉም «በመልካችን፣ በአምሳላችን» ያለውም ለዚህ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ከሁሉም በላይ የምፈራው እሱን ነው። «አምሳያ» ብለሽ እንዳትጽፊ። ልዩነቱ አንዲት ፊደል ነው፤ ትርጉሙ ግን ሰማይና ምድር ነው። «አምሳያ የለውም» ስንል እኩያ የለውም፣ አቻ የለውም ማለታችን ነው። የእግዚአብሔር አምሳያ ካልሽ የእግዚአብሔር እኩያ አልሽ ማለት ነው። ያን ጊዜ እኚያ አባት ብቻ ሳይሆኑ ከተማው ሁሉ ሱቅሽ ደጃፍ ይቆማል፤ እውነታቸውንም ነው። አምሳል ግን ዝቅ ብሎ የሚቆም ቃል ነው። የሚመስል፣ ግን ያልሆነ። ለዚህ ነገር የሚስማማው እሱ ነው። የሰው ስምም ሆኗል፤ አምሳለ፣ አምሳሉ የሚባሉ አሉ። ደግሞ በዕለት ኑሮ ብዙ ስላልተሠራበት አልቆሸሸም፤ ሲሰማ ወዲያው ይህንን ነገር ያስታውሳል።

በነገራችን ላይ፣ የመሰለን ቤት ካነሳን አይቀር፣ «ምስለ ፍቁር ወልዳ» የሚባለውን ሥዕል ታውቂዋለሽ፤ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ። ብዙ ሰው «የተወደደው ልጇ ምስል» ይመስለዋል። አይደለም። በግዕዝ «ምስለ» ማለት «ከ... ጋር» ማለት ነው። ከተወደደ ልጇ ጋር ነው። መምሰልና አብሮ መሆን አንድ ዓይነት ድምፅ መያዛቸው ደስ ይለኛል፣ ግን ትርጉሙን ማደባለቅ የለብንም።

አሁን ለልቤ ወደሚቀርበው ነገር ልግባ። በአምሳል መፈጠር ማለት ምን ማለት ነው? ጥያቄሽ የቃል ጥያቄ ነው፤ ግን ቃል የምንመርጠው ነገሩን ስናውቅ ነው።

በ1971 ዓ.ም. ሰሜን ምሥራቅ ሶርያ ውስጥ፣ ቴል ፈኸሪየ በሚባል ቦታ፣ አንድ ገበሬ ከጥቁር ድንጋይ የተሠራ የሰው ቁመት ያለው ሐውልት አገኘ። የአንድ የጥንት ገዥ ሐውልት ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ9ኛው መቶ ዓመት የነበረ። ልብሱ ላይ ከፊት በአሦር፣ ከኋላ በአራማይክ ቋንቋ ተጽፎበታል። አራማይኩ ያንኑ ሐውልት በሁለት ስም ይጠራዋል። አንድ ቦታ «ደሙታ»፣ ሌላ ቦታ «ጸልማ»። እነዚህ ሁለቱ ዘፍጥረት ላይ ያሉት የዕብራይስጥ ቃላት ዘመዶች ናቸው፤ ጼሌምና ደሙት፤ የኛ መልክና ምሳሌ። እንግዲህ ለአንድ ድንጋይ ሁለት ስም ነው። ሐውልቱ ቤተ መቅደስ ውስጥ የቆመው ገዥው ራሱ ሁልጊዜ እዚያ መቆም ስለማይችል ነው። በእሱ ፋንታ ነው የቆመው። አፍንጫው ገዥውን ይምሰል አይምሰል ዋናው ጉዳይ አልነበረም።

ግብፅም እንዲሁ ነበር። ቱታንካሙን የሚለውን ስም ሁሉም ያውቀዋል፣ ወርቁን ጭምብል በፎቶ አይተነዋል። ስሙ «የአሙን ሕያው ምስል» ማለት ነው። በዚያ ዘመን የአምላክ ምስል መባል የንጉሥ ስም ነው። የገበሬ አይደለም፣ የእረኛ አይደለም፣ የባሪያ አይደለም። አሁን ዘፍጥረትን ደግመሽ አንብቢው። ንጉሥ የሚል ቃል የለም። ሰው ነው የሚለው። ከዚያም «ወንድና ሴት አድርጎ ፈጠራቸው» ይላል። ለአንድ ሰው ብቻ ተጠብቆ የነበረውን ስም አንስቶ ለሰው ዘር ሁሉ ሰጠው። ይህንን መጀመሪያ የተረዳሁ ቀን ክፍል ውስጥ ነበርኩ፤ ተማሪዎቼን ትቼ ለጥቂት ጊዜ ዝም አልኩ።

አማርኛ ደግሞ ይህንን ሐሳብ ለማስረዳት ከማንም አያንስም። ምስለኔ የሚለውን ሹመት ሰምተሻል? ገዥው ራሱ በሌለበት አገር የሚያስተዳድርለት ሰው ነው። ምስለ እኔ፣ እኔን መስሎ የሚሠራ። እንደራሴም አለ። እንደ ራሴ። ራስ ተፈሪ በ1909 ዓ.ም. አልጋ ወራሽና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ተብለው ሲሾሙ ንግሥት ዘውዲቱን በመልክ መስለው አይደለም። (ለኛ ለወሎ ሰዎች 1909 ሌላ ነገርም ያስታውሰናል፤ የሰገሌ ጦርነት ዓመት ነው።) ምስለኔ ጥቁርም ይሁን ቀይ፣ ረጅምም ይሁን አጭር ግድ የለም። እሱን የሰደበ የላከውን ሰደበ ማለት ነው። እሱም በላኪው ስም ስለሚሠራ ደሀ ቢበድል በላኪው ስም በደለ ማለት ነው። ሁለቱም በቃሉ ውስጥ አሉ፤ ክብርም፣ ተጠያቂነትም። ዘፍጥረት ላይ «በመልካችን» ከተባለ በኋላ ወዲያው «ይግዙ» መባሉ፣ ዓሣውን፣ ወፉን፣ እንስሳውን አደራ መቀበላችን፣ ከዚህ ጋር ሲነበብ ቦታውን ያገኛል። አጭሯ «በ» እንኳ ይህንን ልትሸከም ትችላለች። «በእንግድነት መጣ»፣ «በሽማግሌነት ተላከ» እንላለን አይደል? እንግዳ ሆኖ፣ ሽማግሌ ሆኖ ማለት ነው። የዕብራይስጡንም «በ» እንዲህ የሚያነቡ ምሁራን አሉ፤ መልኩ ሆኖ፣ አምሳሉ ሆኖ።

ስለዚህ ነው ያ ጠጉሩ የተንጨበረረ ሰው አምሳሉን አላጣም የምለው። ምስለኔ ልብሱ ቢቀደድ ሹመቱ አይቀደድም። ጠገራ ብርን አስቢው፤ ያቺ ወፍራም ሴትዮ ያለችበትን፣ 1780 የሚል የተጻፈበትን። አያቶቻችን አፈር ውስጥ ቀብረውት፣ ጠቁሮ፣ ፊቷ በመነካካት ብዛት ጠፍቶ ሲወጣ ብር መሆኑን አይተውም። እናትሽም «እንዲህ አይባልም፣ በአምሳሉ የተፈጠረ ነው» ትልሽ ይሆናል ሰው ስትሰድቢ፤ የያዕቆብ መልእክት 3 ላይ ያለውም ይኸው ነው፤ በአንድ ምላስ እግዚአብሔርን አመስግኖ በእግዚአብሔር ምሳሌ የተፈጠረውን መራገም። ዘፍጥረት 9 ደግሞ የሰው ደም የማይፈስሰው በምን ምክንያት እንደሆነ ሲናገር በእግዚአብሔር መልክ ስለተፈጠረ ነው ይላል። ሰው ጎበዝ ስለሆነ፣ ጤነኛ ስለሆነ፣ የኛ ወገን ስለሆነ አላለም። ባለፉት ዓመታት እኛም ሰፈር ጦርነት ገብቶ ወጥቷል። ይህችን ቁጥር ያኔ ደጋግሜ አንብቤያታለሁ።

የጓደኛሽን ነገር አልረሳሁም። እሷም የያዘችው ተራ ነገር አይደለም። ቁርኣን 42፥11 ላይ «ለይሰ ከሚስሊሂ ሸይእ» ይላል፤ የሚመስለው ምንም ነገር የለም። «ሚስል» የምትለዋን ቃል ልብ በያት። የኛ ምስል፣ የኛ መሰለ ናት፤ ዓረብኛና ግዕዝ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ስለዚህ «በአላህ መልክ» ብሎ መለጠፍ ለሷ ጆሮ ከዚህች አንቀጽ ጋር ይጋጫል። ግን በሐዲስ «አላህ አደምን በሱራው ፈጠረው» የሚል አለ፤ ሱራ መልክ ማለት ነው፤ ቡኻሪና ሙስሊም የተባሉት ሁለቱ የሐዲስ ሰብሳቢዎች ዘግበውታል። ዑለማዎቹ የተከራከሩት እዚያ ላይ ስለ ሰዋስው ነው! «ሱራው» ስትል የማን ሱራ? የአደም የራሱ ነው ያሉ አሉ፤ ወደ አላህ ነው የሚመለሰው፣ ግን እንዴት ብላችሁ አትጠይቁ ያሉ አሉ። በአማርኛም «ሰውን በመልኩ ፈጠረው» ብለሽ ብትቆሚ «መልኩ» የሰውየው ይሁን የፈጣሪው አይለይም፤ መጽሐፍ ቅዱሱ ወዲያው «በእግዚአብሔር መልክ ፈጠረው» ብሎ ስለደገመው ነው የለየው። የሚገርመኝ ሌላ ነው። ሐዲሱ በአንድ መንገድ ሲነገር የሚጀምረው ከወንድሙ ጋር የተጣላ ሰው ፊቱን እንዳይመታው በማዘዝ ነው። እዚህም እዚያም ነገሩ መጨረሻው የሚደርሰው እጅ ላይ ነው፤ የተነሳ እጅ ላይ። ቁርኣን 95፥4 ሰው በተዋበ አቋም ተፈጠረ ይላል፤ 17፥70 የአደም ልጆችን አከበርን ይላል። ልጆቹ የተደባለቁ ከሆኑ «የአዳም ልጅ ሁሉ ክቡር ነው» የሚለውን አማራጭ አሳያቸው፤ ያንን ጓደኛሽም በደስታ ትሠራዋለች፤ እኚያ አባትም ይፈርሙበታል። ምርጫው ግን የነሱ ነው፣ ገንዘቡን የከፈሉት እነሱ ናቸው።

አንድ ያየሁትን ልንገርሽና ወደ ሥራሽ ተመለሺ። ክረምት ላይ ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥቼ ደሴ መጥቼ ነበር። ጉም ነው፣ ብርድ ነው። መንገድ ዳር አንዲት ልጅ፣ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው፣ አንድ ትልቅ ሰውዬ ቆርቆሮ ላይ አስቀምጣ ከጀሪካን ለብ ያለ ውሃ በጣሳ እየቀዳች ጠጉሩን ታጥባለች። ውሃው ጥቁር ሆኖ ይወርዳል። ሰውዬው ብቻውን ያወራል፣ ይሳደባልም። ያንቺ ደንበኞች ይሁኑ አይሁኑ አላወቅኩም። ጆሮዬ ላይ የቀረው ግን ይሄ ነው። «ጋሼ፣ አንዴ ዐይንዎን ይጨፍኑልኝ፣ ሳሙናው እንዳይገባብዎ» አለችው። ይጨፍኑልኝ። እንዳይገባብዎ። መንገዱ ላይ የቆመው ሰው ሁሉ «እሱ» ነው የሚለው፣ አንዳንዱም ከዚያ የባሰ፤ እሷ በአንቱታ ነበር። ሰውዬው ስድቡን አቋርጦ ዐይኑን ጨፈነ። ሰዋስው ሳስተምር የአክብሮት ተውላጠ ስም ለማን እንደሚሰጥ ለዓመታት ሰሌዳ ላይ ጽፌያለሁ፤ ለትልቅ ሰው፣ ለባለ ሥልጣን፣ ለማናውቀው ሰው። እሷ የሰጠችውን ዓይነት ግን ጽፌ አላውቅም። ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩትን የግብር አዳራሽ ስም አስታወሰኝ፤ አይጠየፍ። ስትሄጂ ስትመጪ የምታልፊበት ነው፤ ስሙን ግን በግሥነቱ ሰምተሽው አታውቂ ይሆናል። ተጠየፈ፣ አይጠየፍም። የማይጠየፍ።

የ«ሰው መሳይ»ንም ነገር እግረ መንገዴን ላንሳ። «ሰው መሳይ በሸንጎ» የሚል አባባል አለን፤ ላዩ ሰው፣ ውስጡ ባዶ ለሆነ። ያው መሰለ ነው፤ ግን ሰውን ከሰውነት ለማውጣት ውሏል። መንገድ ላይ ለወደቀ ሰው ሲባል ሰምቼ አዝኛለሁ። ቋንቋው ሁለቱንም መንገድ ይፈቅዳል።

እንግዲህ ለባነሩ፦ «ሰው ሁሉ በእግዚአብሔር አምሳል ተፈጥሯል»። «ሰው ሁሉ» ካልሽ «ተፈጥሯል» ነው፣ «ተፈጥረዋል» አይደለም፤ ያዘዙሽ ልጆች በትክክል ነው የጻፉት። እግዚአብሔር ላይ ሔ በሐመሩ ሐ ትሁን። «ሁሉ» የምትለዋን ቃል ከቻልሽ ከሌሎቹ ከፍ አድርጊያት። ልጆቹ «መልክ» ይሁንልን ካሉም አትከራከሪያቸው፣ ሠርተሽ ስጫቸው። እኚያ አባት ተመልሰው ከመጡ ደግሞ የዘፍጥረትን 5፥3 አሳያቸው፤ ጨዋታ ይወዳሉ መሰለኝ፣ ቡና አፍልተሽ ቢሆን ጥሩ ነው።